የትርፍ ጊዜ ሥራ ትርፉ ስንት ነው?

ባለፈው የቡና ለቀማ ወቅት ወደ ሚዛን ተፈሪ የወረድኩት የእሸት ቡና ዋጋ ለማጥናት ነበር። ከአዲስ አበባ ጅማንና ቦንጋን አልፎ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ የሚያስኬደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ያለ ጉዳይ አይጓዝበትም። የዋጋውን ነገር ከሰብሳቢዎችም ከአቅራቢዎችም ጠይቄ ተረድቻለሁ። ይሁንና ለዚህ ገጽ ይዤ የተመለስኩት ጉዳይ ሌላ ነው። ያጋጠመኝም ገበያ መሐል ሳይሆን እህቴ ቤት፣ ቶናው ሲቀዳ ነው።

የእህቴ ልጅ በቴፒ ግቢ ኮምፒዩተር ተምሮ ሚዛን ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ይሠራል። ደመወዙ ብዙ አይደለም፤ ግን ወር በመጣ ቁጥር ይመጣል። የእናቱ የቤት ወጪም ሆነ የታናሽ እህቱ ትምህርት የሚሸፈነው በዚሁ ነው። በዚያ ምሽት አንድ የታጠፈ ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። የሥራ መልቀቂያ ነው። ተፈርሟል፤ ቀኑ ብቻ ክፍት ነው።

«ጋሼ፣ አዲስ አበባ ገብቼ ጌም ልሠራ ነው» አለኝ። «እርስዎ የገበያ ሰው ነዎት፤ እስቲ ይፍረዱ።»

እህቴ ምንም አልተናገረችም። ሲኒዎቹን ታጥብ ነበር፤ አንዱን ሲኒ ግን ሁለት ጊዜ አጠበችው።

የዚያን ዕለት መልስ አልሰጠሁትም። ሳላሰላ መፍረድ ልማዴ አይደለም። አሁን አስልቻለሁ። ይህን ጥያቄ በየከተማው የሚጠይቁ ብዙ ወጣቶች እንዳሉ ስለማምን ፍርዴን በዚህ ገጽ ላይ ለመስጠት ወሰንኩ።

ሸቀጡ ምንድነው?

በቅድሚያ ስለ ሸቀጡ እንነጋገር። በከተሞቻችን «ጌም» ሲባል ብዙ ወላጅ የሚታየው ፑል ቤት፣ ፕሌይስቴሽን ቤት፣ ይባስ ብሎም የውርርድ ቤት ነው። የእህቴ ልጅ የሚያወራው ስለዚህ አይደለም። እሱ የሚፈልገው ጨዋታውን መጫወት ሳይሆን መሥራት ነው። ጨዋታ መሥራት ማለት ሥዕሉን መሳል፣ ድምፁን ማዘጋጀት፣ ሕጉን መደንገግ፣ በመጨረሻም ይህን ሁሉ ስልክ ወይም ኮምፒዩተር በሚገባው ቋንቋ መጻፍ ነው። እንደ ማንኛውም የእጅ ሙያ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ሥራውን አሳየኝ። ተጫዋቹ ጫካ ውስጥ ገብቶ ቀዩን የቡና ፍሬ እየለቀመ አረንጓዴውን ይተዋል። አረንጓዴ የለቀመ ነጥብ ይቀነስበታል። የሠራው ከሥራ ሲመለስ ማታ ማታ፣ መብራት ባለበት ሰዓት ነው። የመጀመሪያዎቹ ተጫዋቾች የጎረቤት ልጆች ናቸው። አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ እንደጀመረች «ውሸት ነው» አለችው። በጨዋታው ውስጥ አንድ ቅርንጫፍ ሲቀላ ፍሬው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይቀላ ነበር። ቡና ግን እንደዚያ አይበስልም፤ በአንዱ ቅርንጫፍ ላይ ቀዩም፣ ብጫውም፣ አረንጓዴውም ጎን ለጎን ይገኛል። ለቃሚ ሦስት አራት ጊዜ የሚመላለሰውም ለዚህ ነው። ልጁ ሦስት ሳምንት ወስዶ አስተካከለው። ይህን ሲነግረኝ ፊቱ ላይ ያየሁት ደስታ በደመወዝ ቀን የሚታይ ዓይነት አልነበረም።

ስለዚህ ልጁ ሥራ ፈት አይደለም። ሙያውም ቅዠት አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ቅኔ ጌምስ የተባለ ድርጅት ከገበሬ ስለምታመልጥ ዶሮ የሚያጫውተውን «ኩኩሉ»ን ሠርቶ ለስልክ ተጠቃሚዎች አቅርቧል። ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 የተቋቋመው የአፍሪካ ጨዋታ ሠሪዎች ስብስብ፣ የፓን አፍሪካ ጌሚንግ ግሩፕ አባል ነው። ባህላዊውን ገበታንም ወደ ስልክ አምጥቷል። ሥራው በሀገራችን ተጀምሯል ማለት ነው። ጥያቄው «ይቻላል ወይ?» አይደለም። ጥያቄው «በማን ወጪ?» የሚለው ነው።

ስሌቱ

ወደ ስሌቱ እንግባ። ጨዋታን ለዓለም ገበያ ለማቅረብ የመደብ ኪራይ አለ። ጉግል ፕሌይ ለመመዝገቢያ አንድ ጊዜ 25 ዶላር ያስከፍላል። አፕል በየዓመቱ 99 ዶላር ይጠይቃል። የኮምፒዩተር ጨዋታ የሚሸጥበት ትልቁ መደብር ስቲም ደግሞ ለአንድ ጨዋታ 100 ዶላር ያስከፍልና ከሽያጩ 30 በመቶ ይወስዳል።

እንግዲህ ለምሳሌ ያህል እንበል፦ ልጁ ሁለት ዓመት ለፍቶ አንድ ጨዋታ ጨረሰ፤ ዋጋውን 5 ዶላር አደረገ፤ 200 ሰው ገዛው። መደብሩ ድርሻውን ሲወስድ ከእያንዳንዱ 3 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይቀረዋል። ባጠቃላይ 700 ዶላር ይሆናል። የመመዝገቢያው 100 ዶላር ሲነሣ 600 ይቀራል። ለ24 ወራት ሲካፈል በወር 25 ዶላር ነው። ዶላሩን በ150 ብር ብናሰላው 3,750 ብር መሆኑ ነው። ግብር፣ የባንክ ወጪ፣ የመብራትና የኢንተርኔት ሒሳብ እዚህ ውስጥ አልገባም።

አንባቢ ልብ ይበል። ይህ ቁጥር አንድ ነው፤ ፍርዱ ግን ሁለት ነው።

ልጁ ሥራውን ለቆ፣ አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ፣ ምግብ እየገዛ የሠራው ከሆነ፣ በወር 3,750 ብር ኪሳራ ነው። የቤት ኪራዩን እንኳ አይችልም። እናቱ ሚዛን ሆና የምትጠብቀው ገንዘብ ይቀራል፤ እህቱ ከትምህርት ቤት ትወጣለች፤ እሱ ራሱ በዓመቱ ብድር ይገባል። ባለዕዳ የሆነ ሰው ደግሞ ጥሩ ጨዋታ አይሠራም፤ በፍጥነት የሚሸጥ ነገር ፍለጋ ይዞራል።

ደመወዙ እንዳለ ሆኖ፣ እናቱ ቤት እየኖረ፣ ማታ ማታ የሠራው ከሆነ ግን ያው 600 ዶላር ንጹሕ ትርፍ ነው። እኩዮቹ ፑል ቤት ገንዘብ በሚያወጡበት ሰዓት እሱ ገንዘብ አስገብቷል። አንድም ሰው ባይገዛው እንኳ የከሰረው 100 ዶላር ነው። ሙያው እጁ ላይ ቀርቷል።

ቋንቋችን ራሱ ይህን ያውቃል። «ትርፍ ጊዜ» እንላለን፤ «ትርፍ» ደግሞ ነጋዴው የሚፈልገው ነገር ነው። ከሥራና ከእንቅልፍ የተረፈ ጊዜ ለባለቤቱ ምንም አላስወጣም። ባልተከፈለበት ካፒታል የተገኘ ነገር ሁሉ ትርፍ ነው።

አሸናፊዎቹ እነማን ናቸው?

«ጋሼ፣ አንድ ሰው ብቻውን ሠርቶ ሚሊየነር የሆነ አለ እኮ» ይለኛል ልጁ። እውነቱን ነው። ኤሪክ ባሮን የተባለ አሜሪካዊ «ስታርዲው ቫሊ» የተሰኘውን የእርሻ ጨዋታ ከአራት ዓመት በላይ ብቻውን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 አወጣው። እስከ 2024 መጨረሻ ከ40 ሚሊዮን ኮፒ በላይ ተሽጧል። ነገር ግን የእህቴ ልጅ የታሪኩን ግማሽ ነው የሚያወራው። ባሮን በእነዚያ ዓመታት ሲያትል ውስጥ በአንድ ቴአትር ቤት ተመልካቾችን ወንበር እያሳየ ይሠራ ነበር። የቤቱን ወጪም አብራው የምትኖረው ጓደኛው ትደግፍ ነበር። ጨዋታው እስኪያበላው ድረስ ሌላ ነገር አብልቶታል።

ባሮን ካሸነፈበት ገበያ የከሰሩትን ደግሞ እንቁጠር። እ.ኤ.አ. በ2024 በስቲም ብቻ ከ18 ሺህ በላይ አዳዲስ ጨዋታዎች ወጥተዋል። በቀን ወደ 50 ማለት ነው። ሚዛን ገበያ በየቀኑ 50 አዲስ ነጋዴ አንድ ዓይነት ሸቀጥ ይዞ ቢገባ ዋጋው ምን እንደሚሆን ለአንባቢያችን መንገር አያስፈልግም።

ተቀጥሮ መሥራቱስ? ትላልቆቹ ኩባንያዎችም ዋስትና አልሆኑም። ማይክሮሶፍት አክቲቪዥን ብሊዛርድን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ወደ 69 ቢሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ጠቅልሎ በገዛ በሦስት ወሩ፣ በጥር 2024፣ ከጨዋታ ክፍሉ 1,900 ሠራተኞች አሰናብቷል። በሚቀጥለው ወር ሶኒ 900 ያህል ቀነሰ። በ2023 እና በ2024 በዓለም ዙሪያ ከዚህ ኢንዱስትሪ በየዓመቱ ከ10 ሺህ የሚበልጥ ሰው እንደተሰናበተ ይገመታል። የዓመታት ልምድ ያላቸው ሰዎች ሳይቀሩ ሥራ ፈላጊዎች ሆነዋል። የእህቴ ልጅ ደመወዙን ጥሎ ሊቀላቀል የፈለገው ይህን ሰልፍ ነው።

የቡና አገር ትምህርት

ይህን ነገር ለሚዛንና ለቴፒ ሰው ከሌላው ይልቅ ማስረዳት ይቀላል። ቡና ተተክሎ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት ይፈጃል። በእነዚያ ዓመታት ገበሬው የሚበላው ቡናውን አይደለም፤ ጎደሬውንና እንሰቱን ነው። ችግኝ ሊተክል ጎደሬውን የሚነቅል ገበሬ በዚያ አገር አላየሁም።

ፍሬ ከያዘ በኋላም ቢሆን በአንድ ምርት ላይ ሙሉ በሙሉ የተደገፈ ሰው ምን እንደደረሰበት አካባቢው ያስታውሳል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የዝንጅብል አጠውልግ በሽታ በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ሲገባ ማሳ ሙሉ ዝንጅብል በአንድ ወቅት ረግፏል። ቡናውም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2001 በዓለም ገበያ አንዱ ፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወርዶ ነበር፤ በ2025 መጀመሪያ ደግሞ ከ4 ዶላር በላይ ወጣ። በሁለቱ ዘመናት መካከል ያልጠፋው ገበሬ ከቡናው ሥር ኮረሪማ፣ ከዛፉ ላይ ቀፎ፣ ከጓሮው ጎደሬ የነበረው ነው።

ኮረሪማ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። በጫካው ጥላ ሥር ይበቅላል፤ ለብቻው ሰፊ ማሳ አይጠይቅም፤ ቡናውንም አይሻማም። በደጉ ዓመት ለወጥ ይሆናል፤ በክፉው ዓመት ተሽጦ ጨው ይገዛል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ጨዋታ መሥራት ለእህቴ ልጅ ኮረሪማ መሆን አለበት። ቡናው ደመወዙ ነው።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሣል። የመጀመሪያው «ሁሉም በትርፍ ጊዜው ብቻ ከሠራ የሀገሪቱ ኢንዱስትሪ መቼ ያድጋል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን ኮዲንግ ለማሠልጠን ፕሮግራም ጀምሯል፤ የሠለጠነው ሁሉ የት ይግባ? የእኔ መልስ አጭር ነው። ኢንዱስትሪ የሚገነባው ኪሳራ መሸከም በሚችል ገንዘብ ነው። ባለሀብት፣ ባንክ፣ ስልክ ኩባንያ ይግቡበት። የአንዲት እናት የወር አስቤዛ ግን ካፒታል አይደለም። ሀገር ኢንዱስትሪ እንዲኖራት ተብሎ ከእህቴ ቤት ዱቄት መወሰድ የለበትም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «በትርፍ ጊዜ የተሠራ ሥራ የጀማሪ ሥራ ሆኖ ይቀራል» የሚል ነው። ይህ ስሕተት ነው። በዓለም ላይ እጅግ ከታወቁት ጨዋታዎች አንዱ የሆነውን «ቴትሪስ»ን አሌክሴይ ፓጂትኖቭ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1984 ሞስኮ ውስጥ በሳይንስ አካዳሚ የኮምፒዩተር ማዕከል በሌላ ሥራ ተቀጥሮ ሳለ ነው። ጨዋታ የሥራ ድርሻው አልነበረም።

የፓጂትኖቭ ታሪክ ግን ማስጠንቀቂያም አለው። የጨዋታው መብት በሶቪየት መንግሥት ድርጅት እጅ ስለነበር እስከ 1996 ድረስ የሮያሊቲ ክፍያ አላገኘበትም። ይህ ዓይነቱ ነገር ለደቡብ ምዕራብ አዲስ አይደለም። ከጌሻ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተወሰደው የቡና ዘር በታንዛኒያና በኮስታ ሪካ በኩል ፓናማ ደርሶ ለረጅም ዓመታት ብዙም ሳይታወቅ ቆየ። በ2004 በፓናማ ውድድር ካሸነፈ ወዲህ በጨረታ በዓለም ውድ ከሚባሉት ቡናዎች አንዱ ሆኗል። ስሙ የኛ ነው፤ ገንዘቡ ግን የሌላ።

ስለዚህ በትርፍ ጊዜው የሚሠራ ሰው ባለቤትነቱን ይጠብቅ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል። ነገር ግን ተቀጣሪ በሥራ ውሉ መሠረት የሠራው ሥራ ሌላ ስምምነት ከሌለ የኢኮኖሚ መብቱ የአሠሪው ነው። ምክሬ ግልጽ ነው፦ በቢሮ ኮምፒዩተር፣ በቢሮ ሰዓት አንድም መስመር አትጻፍ። በራስህ መሣሪያ፣ በራስህ ሰዓት ሥራ፤ የጀመርክበትንም ቀን መዝግብ።

መቼ ይለቀቅ?

ሥራው ለዘላለም የትርፍ ጊዜ ሆኖ ይቅር አልልም። የሚለቀቅበት ጊዜ ሊመጣ ይችላል፤ ምልክቱን ግን ማወቅ ያሻል። ለእህቴ ልጅ የምሰጠው ሦስት ምልክት ነው።

አንደኛ፦ ዘመድና ጓደኛ ሳይሆን የማያውቀው ሰው ከኪሱ አውጥቶ ሲገዛው። ዘመድ የሚገዛው ልጁን እንጂ ጨዋታውን አይደለም።

ሁለተኛ፦ ከጨዋታው የሚገባው ገንዘብ በተከታታይ ለአንድ ዓመት ከደመወዙ ሲስተካከል። አንድ ወር ወጥቶ አንድ ወር የሚወርድ ገቢ እንደ ቡና ዋጋ ነው፤ አይታመንም።

ሦስተኛ፦ ለእናቱ ቤት የአንድ ዓመት ወጪ ባንክ ሲቀመጥ። ይህ ገንዘብ የጨዋታው አይደለም፤ አይነካም።

ሦስቱም ሲሟሉ የመልቀቂያው ቀን ይሞላ። እስከዚያው የሚሠራው አይጠፋም። ትንሽ ጨዋታ ይጨርስ፤ ተጀምሮ የቀረ ትልቅ ጨዋታ ማንም አይገዛውም። በነፃ በሚገኝ መሣሪያ ይሥራ፤ ጎዶት የተባለው ኮዱ ክፍት የሆነ መሥሪያ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ክፍያ ይገኛል። ዩኒቲ የተባለው ታዋቂ መሥሪያ በመስከረም 2023 በጨዋታው ጭነት ብዛት ልክ አዲስ ክፍያ እንደሚጥል አስታውቆ ሠሪዎችን ሲያስጨንቅ ከርሞ፣ ከዓመት በኋላ መሰረዙን የሰማ ሰው የነፃውን ጥቅም ይረዳዋል። ጨዋታውን ለውጭ ገበያ ከማቅረቡ በፊትም ባንኩ ሄዶ የውጭ ክፍያ እንዴት እንደሚገባለት ይጠይቅ፤ የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ተለውጧልና የድሮውን ወሬ ይዞ አይቀመጥ። የገቢና የወጪ ደብተርም ይያዝ። በሳምንት አሥር ሰዓት ብሎ ከወሰነ አሥር ሰዓት ይሁን፤ እንቅልፉን ሸጦ ትርፍ ጊዜ የሚገዛ ሰው ከዋናው እያጎደለ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ትርፍ ሁሉ በብር አይሰፈርም። የአሥር ዓመቷ ልጅ «ውሸት ነው» ስትለው ልጁ ሦስት ሳምንት ተቀምጦ ያስተካከለው ማንም ስላዘዘው አይደለም። ለገበያ ቸኩሎ ቢሆን ኖሮ «ማን ያውቃል?» ብሎ ያልፈው ነበር፤ በሌላ አገር ያለ ገዢ ቡና እንዴት እንደሚበስል አያውቅምና። ደመወዝ ስላለው ግን ለእውነቱ ጊዜ አገኘ። በየቀኑ ከሚወጡት 50 ጨዋታዎች የሱን የሚለየው ነገር ካለ ያ የቅርንጫፉ ቀለም ነው።

ልጄ፣ እንግዲህ ፍርዴን ጠይቀኸኛል። ጨዋታውን አትተው። ደመወዝህንም አትተው። ያን ወረቀት ቀኑ እንደተከፈተ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠው፤ ሦስቱ ምልክቶች የታዩ ዕለት ቀኑን እኔው መጥቼ እሞላልሃለሁ። ለእናትህም ይህን ጽሑፍ አንብብላት። ሲኒዎቹን አንድ ጊዜ ብቻ ታጥባለች።